ለኳስ የተላከ ሽምግልና

ጡረታ የወጣ ሰው ያርፋል ይባላል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያረፈው ጉሮሮዬ ብቻ ነው። ሌላው አካሌ ዛሬም በጧት ይነሳና የት እንደምንሄድ ይጠይቀኛል። ስሜ ጥሩወርቅ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነበርኩ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በእስቴ፣ በታች ጋይንትና በላይ ጋይንት የትምህርት ቤት ሜዳዎች ላይ ነው። በሽኝቴ ቀን አንድ ወጣት መምህር ማይክ ደቅኖ፣ "በሥራ ዘመንዎ ትልቁ ሥራዎ የትኛው ነው?" አለኝ። ሰው ሁሉ የዋንጫ ስም የምቆጥር መስሎት ጠበቀ። "አንድ ጊዜ ዋስ ሁኛለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ግን የነገርኳቸው እውነቱን ነበር።

ተወላጅነቴ ከስማዳ ነው። ከማሠልጠኛ ወጥቼ የመጀመሪያ ምደባዬ የደረሰኝ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነበር፤ ደርግ ወድቆ ጥቂት እንደቆየ። የምደባ ወረቀቴን ይዤ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ስገባ ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

"ባልትና ነው የምታስተምሪ?"

"ስፖርት ነው።"

"ሴቶቹን ብቻ?"

"ሁሉንም።"

ተነፈሰና፣ "በይ እንግዲህ ለአያሌው ረዳት ሁኚ" ብሎ አሰናበተኝ። ሳያውቀው ትልቅ ውለታ ዋለልኝ።

ጋሼ አያሌው ያኔ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ክረምት ከበጋ አንዲት የሹራብ ኮፍያ የማይለየው ሰው ነው። የኮቱ ኪሶች ሁልጊዜ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ምን እንደያዘባቸው ያወቅኩት በመጀመሪያው የጨዋታ ቀን ነው። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ብቻውን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ ጎንበስ እያለ ጠጠር ይለቅማል፤ ኪሱ ይከታል። መጀመሪያ ጸሎት የሚያደርስ መስሎኝ ነበር። ብጠይቀው፣ "የልጅ ጉልበት በጠጠር ከደማ ያች ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ አትወድቅም፤ ላለመውደቅ ስትል አትሮጥም" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔም ኪስ ደህና ሆኖ አያውቅም።

ኳስ ሲቀደድ በወስፌና በሲባጎ እሱው ራሱ ይሰፋዋል። የውስጡን ጎማ በማስቲሽ ይለጥፈዋል። ልጅ ስታጠፋ አይጮህም። ጠራ አድርጎ፣ "ዛሬ ምን ቀምሰሻል?" ይላታል በመጀመሪያ። አብዛኛው ጥፋት ከሆድ እንደሚመጣ ከእሱ ነው የተማርኩት። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጨዋታ ሲያይ ኳሱን አለማየቱ ነው። ሁላችንም አንገታችንን ወደ ኳሱ ስናዞር እሱ ማዶ ብቻዋን ወደቆመችው ልጅ ያያል።

"ኳስ የያዘችውን አገር ያያታል" ይላል። "የኛ ሥራ ያልያዘችውን ማየት ነው።"

በቱታ ሜዳ ስወጣ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር። አንድ ቄስ ካማተቡብኝ በኋላ ተናድጄ ቱታዬን ላወልቅ ደረስኩ። ጋሼ አያሌው ያን ቀን ከወትሮው በዛ አድርጎ ተናገረ። "ለሰው ጊዜ ስጪው። ዐይን ቶሎ ይለምዳል፤ የሚዘገየው አፍ ነው።" እውነትም እኒያው ቄስ በዓመቱ የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው አመጡልኝ።

ከእስቴ ወደ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ተዛወርኩ። ስለዚያ ብዙ አላወራም። ሜዳችን ገበያውን ተጠግቶ ስለነበር አርብ አርብ የአህያ ማሰሪያ ይሆናል። አለቃዬ ሰላም ወዳድ ሰው ነበር፤ ከአህያ ባለቤቶች ጋርም፣ ከእኔ ጋርም፣ ከወረዳውም ጋር ሰላም ፈልጎ ምንም ሳያደርግ ሁለት ሹመት አገኘ። አንድ ቀን የልጆቹ ኳስ የአንዲት ጠላ ሻጭ ገንቦ መታና አፈረሰው። ሴትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "አንቺ መምህርት፣ ኳስሽን እንደ በግ እሰሪያ!" አለችኝ። የገንቦው ዋጋ ከደመወዜ ሄደ። ጠላዋን ግን መሬት ጠጣው።

ከዚያ ላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ገባሁ፤ ከዚያም አልወጣሁ። ስሙ ስለሆነ አይደለም፤ እውነትም ንፋስ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከግራ በኩል ካለው ገደል ተነስቶ ሜዳችንን አቋርጦ ይሄዳል። ፊሽካዬን ነፍቼ ድምፁ እኔ ጋ ሳይደርስ ገበያው ጋ ይደርሳል ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። የሴቶች ቡድን ያቋቋምኩት እዚያ ነው። ከሚሊኒየሙ በኋላ የታዳጊ ፕሮጀክት የሚባል ነገር መጥቶ ኳስና ማሊያ ሲያቀምሰን ደግሞ የልብ ልብ ተሰማን።

ስመኝን ያገኘኋት ያን ጊዜ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ደብር በእግሯ ትመላለሳለች። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ የዜማ መምህር ናቸው፤ በቤታቸው ዙሪያ የቆሎ ተማሪ አይጠፋም። ስመኝ ኳስ ስትነካ ያየኋት በአጋጣሚ ነው፤ ጋሼ አያሌው እንዳስተማረኝ ኳስ ያልያዘችውን ሳይ። ማንም ሳይጠራት ባዶ ቦታ ፈልጋ እየሄደች ትቆማለች። ኳሱ የሚመጣበትን ቦታ ቀድማ ታውቀዋለች። ሲደርሳት ደግሞ በቀኝ መስመር ይዛው ስትሄድ የሚይዛት የለም። እንዲህ ያለች ልጅ በሥራ ዘመኔ አንዲት ብቻ ነው ያየሁት።

በዓመቱ ከክልሉ መልእክት መጣ። ከሃያ ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሊደረግ ነው፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ልጆች ባሕር ዳር ላይ ይመለመላሉ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለስመኝ ስነግራት፣ "ቲቸር፣ አባ እሽ አይሉም" አለችኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

ሄጄ ብጠይቅ እንደሚከለክሉኝ ገባኝ። መምህርት ናት፣ ሥራዋ ነው ይላሉ፤ ያበቃል። ስለዚህ እስቴ ወደ ጋሼ አያሌው ስልክ ደወልኩ። ያኔ ጡረታ ወጥቶ ድንች ያለማ ነበር። ነገሩን ሰምቶ፣ "ልጅ በእኛ አገር እንዴት ነው የሚጠየቀው?" አለኝ።

"ሽማግሌ ተልኮ ነዋ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

መጣ። ከእሱ ጋር አያ ደሴን ያዝን፤ በአካባቢው እርቅ ያለ እሳቸው የማይታሰብ፣ ነገር አዋቂ ገበሬ ናቸው። በአንድ እሑድ ጧት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለቱ በመሪጌታ ደጃፍ ቆሙ። ሴት ሽምግልና ስለማትገባ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። አጥሩ ግን የቁልቋል ነው፤ ያሳያል፣ ያሰማል።

"ቤቶች! እንደምን አደራችሁ!"

መሪጌታ ብቅ አሉ። ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ናቸው። ሁለት ሽማግሌ ቆሞ ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፤ ልጅ ያለው አባት ይህን ቋንቋ ያውቃል።

"ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አያ ደሴ።

"በሉ እስቲ።"

"ስመኝን ፈልገን ነው።"

"ለማን?"

አያ ደሴ ጋሼ አያሌውን አዩት። ጋሼ አያሌው ኮፍያውን አወለቀ። "ለኳስ" አለ።

ከቤት ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ነገር ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። እናቲቱ ናቸው። መሪጌታ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ጢማቸውን አሹና፣ "ኳስ" አሉ። "ይሄ ኳስ የምትሉት የማን ልጅ ነው? ዘሩስ? ሰባት ቤት ቆጥራችኋል?"

"ቆጥረናል" አሉ አያ ደሴ ሳይደነግጡ። "ከልጅቱ ጋር አይዛመድም።"

አሁን ሁለቱም ፈገግ አሉ። እኔም አፌን ይዤ ከአጥሩ ጀርባ ሳቅኩ። ሳቁ ግን አልቆየም። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስሙኝ። ከስመኝ በላይ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ደላላ መጥቶ ዓረብ አገር እወስዳታለሁ አለ። እኔም ደብተራው፣ እኔም አዋቂው ነኝ የምለው ሰውዬ፣ እሽ አልኩ። ዛሬ ስንት ፋሲካ አለፈ፤ ድምጿን አልሰማሁ። ለማን እንደሰጠኋት እንኳ አላውቅም። ይህችን ደግሞ አምጣ ትሉኛላችሁ?"

ከአጥሩ ጀርባ ሳቄ ደረቀ። ስመኝ ለምን እንደማይፈቅዱላት ያልነገረችኝ ለዚህ ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እየጠየቅኩ እንደሆነ አወቅኩ። የምጠይቀው ኳስ የምትጫወት ልጅ አልነበረም፤ የቀረችላቸውን ልጅ ነው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከመሬት ነቅለው፣ "ልጅቱ በሌሊት እየተነሳች በግቢው ውስጥ ጨርቅ ጠቅልላ ስትለጋ እሰማለሁ" አሉ። "ዜማ ያደረበትን ልጅ ዝም በል ብትለው ይታመማል፤ አውቀዋለሁ። ዋስ ጥሩና ውሰዷት።"

"እኛው አለንልዎ" አለ ጋሼ አያሌው።

"አማላጅና ዋስ አንድ ሰው አይሆንም። ሌላ ጥሩ።"

እግሬ ራሱ ይዞኝ ገባ። ሁለት ወንዶች የቆሙበት መሐል ቆምኩና፣ "እኔ ነኝ ዋሷ" አልኩ።

"ሴት ዋስ?" አሉ መሪጌታ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአያ ደሴ።

አያ ደሴ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ አወናጨፉ። "መሪጌታ፣ ልጅቱን ይዛ የምትሄድ እሷ፣ ይዛ የምትመለስ እሷ። ወንድ ዋስ ብናመጣልዎ እሱም ዞሮ የሚጠይቀው እሷን ነው። ለምን እናዞረው?"

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። "ጾሟን እንድትጾም፣ ትምህርቷን እንዳትተው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሄደችበት እንዳትቀር። እንዳወጣሻት ትመልሻታለሽ?"

"በእግዚአብሔር ስም እመልሳለሁ።"

"ተቀመጡ" አሉ ያን ጊዜ። እናቲቱ ለመንገድ የሚሆን በሶ ሊቋጥሩ ጓዳ ገቡ።

ባሕር ዳር ሄድን። የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ይቆጨኛል። ሜዳው ዝርግ፣ ሣሩ ለምለም፣ አየሩ ሙቅ ነው፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ስመኝ ሮጠች፣ ሁሉንም ቀደመች፤ መስመሩን ይዛ ወጣችና ኳሱን ወደ ግቡ አሻገረች። ኳሱ ከተጫዋቾቹ በስተግራ አልፎ ወጣ። እንደገና አሻገረች፤ በስተግራ። የቅጣት ምት ሰጧት፤ በስተግራ። ምንም ብታደርግ ኳሱ ካሰበችው በስተግራ ይሄዳል። ስትጨነቅ ደግሞ ባሰ። መልማዩ አሠልጣኝ መልካም ሰው ነበር፤ ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ "ፍጥነት አላት፣ ማስተዋል አላት፤ እግሯ ግን አቅጣጫ አያውቅም" አለኝ። ምን ብዬ ልከራከር? በዐይኔ አይቻለሁ።

ስንመለስ ደብረ ታቦር ላይ አውቶቡስ ስንቀይር፣ "ቲቸር፣ ኳሱ ምን ሁኖ ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። መምህር ሆኖ አላውቅም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። በቤታቸው ሳደርሳት መሪጌታ አመሰገኑኝ። "በጊዜ መልሰሻታል፤ እግዜር ይስጥሽ። ዋስነቱን ግን አላወርድልሽም፤ የልጅቱ ዐይን ገና እዚያው ነው።"

ምክንያቱ የተገለጠልኝ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት በንፋስ መውጫ ያልተለመደ ነገር ሆነ፤ ንፋሱ ቆመ። ልጆቹ ሳይቀሩ ምን መጣ ብለው ሰማይ ሰማይ አዩ። ስመኝ የቅጣት ምት መታች፤ ኳሱ በስተግራ ሄደ። ከዚያ ሌላዋ መታች፤ በስተግራ። ሌላዋም። ዘጭ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምት የምንለማመደው ወደ አንዱ ግብ ብቻ ነው፤ ንፋሱ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚገፋ ልጆቼ በሙሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዒላማቸው ወደ ግራ አልፈው መምታት ለምደዋል። ማንም አላስተማራቸውም፤ ንፋሱ ነው ያስተማራቸው። የስመኝ እግር ጠማማ ሆኖ አይደለም፤ ንፋስ ከሌለ ግን ንፋስ ይጠብቃል።

ለጋሼ አያሌው ደውዬ ስነግረው ረጅም ሳቅ ሳቀ፤ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። "ልጅቱን ማየት አስተማርኩሽ፤ ሰማዩን ማየት ግን አላስተማርኩሽም" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ልምምዳችንን ከከተማው በታች ወዳለ ጎድጓዳ ቦታ፣ ገብስ ከታጨደበት ማሳ ላይ አወረድነው። ዙሪያውን ኮረብታ ስለከለለው ንፋስ አይደርስበትም። አጠገባችን አውድማ ነበር፤ ገበሬው ምርቱን በመንሽ እያነሳ ገለባውን የሚወስድለት ንፋስ ይለምናል፤ እኛ ደግሞ እንዳይመጣ እንለምናለን። "መምህርት፣ በጸሎትሽ አስራብሽኝ" ይለኝ ነበር። ስመኝ ያንን ዓመት በሙሉ እንደገና መምታት ተማረች። ከባዱ አዲሱን መልመድ አይደለም፤ የለመዱትን ማስረሳት ነው። አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች፤ አንዳንድ ቀን እኔ ነኝ የማለቅሰው፤ እሷ ታባብለኛለች። በመጨረሻ ላይ ንፋስ ሲኖርም ሳይኖርም ኳሱን የፈለገችበት አደረሰችው፤ ከሌሎቹ ልጆች ሁለት እጅ ሆነላት።

ለተከታዩ ማጣሪያ በተጠራው ሁለተኛ ምልመላም ያው አሠልጣኝ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኳሶች በኋላ ወደ እኔ መጣና፣ "ምን አደረግሻት?" አለኝ። "ንፋስ አወጣሁላት" አልኩት። የምቀልድ መሰለው። ስመኝ አዲስ አበባ ገባች፤ ከሃያ ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ማሊያ ለበሰች።

ማጣሪያው የደርሶ መልስ ጨዋታ ነው፤ አንዱ በአገራችን፣ ሌላው ከምዕራብ አፍሪካ በመጣው ቡድን አገር። የመጀመሪያው ቀን ከተማው በሙሉ ቴሌቪዥን ያለበት ሆቴል ገባ። መሪጌታ ግን ሆቴል አልገባም አሉና ከደብራቸው ወጥተው እኔ ቤት መጡ። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከእኔ ጋር ሬዲዮ ሰሙ። የጨዋታ ዘጋቢው አንዴም ሳይተነፍስ ይናገራል።

"ይሄ ሰውዬ ማረፊያ አያውቅም እንዴ?" አሉ መሪጌታ። "እኔ ጋ ቢማር ገና ዋዜማ ሳይደርስ አባረው ነበር።"

"ጨዋታው ፈጣን ሁኖ ነው፣ መሪጌታ።"

"አሁን ኳሷ የት ናት?"

"ቀኝ መስመር። ስመኝ ይዛታለች።"

የሚታይ ነገር የለም፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው ወደ ሬዲዮው በቀኝ በኩል አዩ። ዘጋቢው ጮኸ፣ ሰዉ ጮኸ፣ ከሆቴሉ በኩል ከተማው ጮኸ። ገባ።

"እሷ ናት ያገባችው?"

"አይደለም። አሻግራ ሰጥታ ሌላዋ ናት ያገባችው።"

ትንሽ አሰቡ። "መሪው ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል ማለት ነው" አሉ። "እንዲህ ከሆነስ ነውር የለበትም።" ደስታዬን ምን ብዬ ልግለጽ? በዚያች በርጩማ አጠገብ ያሳለፍኩት ከሰዓት ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የምወደው ነው።

የመልሱን ጨዋታ ተሸነፉ፤ በድምር ውጤት ከማጣሪያው ወደቁ። የዓለም ዋንጫውን ያየነው ከሩቅ ነው። ዘጋቢው ሲያዝን መሪጌታ ግን ፊታቸው በራ። "በቃ፣ ትመጣለች" አሉ።

አልመጣችም። ትመጣለች የተባለችበት ቀን አለፈ፤ ሌላም ቀን አለፈ። ስልኳ አይሠራም። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ ወሬው ግን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጣ ሰዉ የጨመረበት መላ ሳይሆን ልጅ ነው። ደብረ ታቦር ላይ "ቡድኑ ዘገየ" የነበረው፣ ንፋስ መውጫ ሲገባ "ከልጆቹ አንዷ እዚያው ጠፋች" ሆነ፤ ገበያ ሲደርስ "የመሪጌታ ልጅ ናት" ተባለ።

መሪጌታ በጧት መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። ምግብ አቀረብኩ። "ዋሴ ቤት ነገሬ ሳያልቅ እህል አልቀምስም" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ፣ ወደ ባሕር ዳር ደወልኩ፤ የሚያነሳው አያውቅም፣ የሚያውቀው አያነሳም። ፍርድ አልፈራሁም፣ ሰው ምን ይለኛልም አላልኩ። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ እኒህ ሰው ሁለተኛ ልጃቸውንም ለማን እንደሰጡ ሳያውቁ እንዳይቀሩ። ያኔ ኳስን ጠላሁት።

በማግስቱም መጡ። ፀሐይዋ ከአናት ልትደርስ ስትል አንድ ባጃጅ አቧራውን አስነስቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። የቡድኑን ቱታ የለበሰች ልጅ ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። ስመኝ ናት። አባቷን ስታይ ሻንጣውን ጣለችና ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። መሪጌታ ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቷን እንደ ዕውር ዳሰሱት።

"ምነው ቆየሽ?"

"አውሮፕላኑ ቀረ፣ አባ። ከባድ ዝናብ ነበር፤ ስልኬም እዚያ አይሠራም።"

"ጾሙንስ?"

"እማዬ የቋጠረችልኝን በሶ በላሁ። ልጆቹን ሁሉ በሶ አስለመድኳቸው።"

መሪጌታ ወደ እኔ ቀና ብለው፣ "መምህርት፣ የሚበላ ነገር አምጪ" አሉኝ። ስቸኩል ወጡን ግማሹን ማዕዱ ላይ፣ ግማሹን መሬት ላይ አፈሰስኩት።

በሚቀጥለው እሑድ በመሪጌታ ቤት ተሰበሰብን። ዋስነት በተሰጠበት ሰው ፊት ነው የሚወርደውና ጋሼ አያሌውና አያ ደሴም ተጠሩ። ስመኝ በመካከላችን ቆመች። በዚያ በሄደችበት አገር የምትኖር አንዲት አበሻ ሴት ጨዋታውን ልታይ መጥታ፣ "እኔ ጋ ቅሪ፣ አገርሽ ምን አለሽ?" ብላት እንደነበር ለአባቷ ራሷ ነገረቻቸው።

"ታዲያ ዋስሽን አስበሽ መጣሽ?" አሉ መሪጌታ።

ስመኝ እኔን አየችኝና አፈረች። "አይደለም፣ አባ። ቲቸርን ያን ጊዜ አላሰብኳትም፤ ትቀየመኝ እንደሁ እንጃ። መምጣት ፈልጌ ነው የመጣሁ።"

ምን እቀየማለሁ? ልቤ ሞላ። መሪጌታ ተነሱና፣ "መምህርት፣ ዋስነትሽን በእነዚህ ሰዎች ፊት አውርጄልሻለሁ" አሉኝ። ትከሻዬ ሲቀል ተሰማኝ።

ያለቀ መስሎን ነበር። ስመኝ ግን አልተቀመጠችም። አንድ የሴቶች ክለብ እንደጠየቃት፣ ትምህርቷንም እዚያው እንደምትቀጥል፣ እንዲፈቅዱላት እንደምትለምናቸው ተናገረች። እናቲቱ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"ዋስ ጥሪ" አሉ።

እኔ ተነሳሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

"አንቺ ተቀመጪ፣ መምህርት" አሉኝ። "እኔ የጠየቅኩ ልጅቱን ነው።"

ተቀመጥኩ። ስመኝ ጋሼ አያሌውን አየች፤ እሱ ኮፍያውን ያገላብጣል። አያ ደሴን አየች፤ እሳቸው ወደ ጭራቸው አቀረቀሩ። እኔን አየችኝ፤ ልረዳት ፈልጌ ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ ቀና ብላ ቆመች።

"እኔው ነኝ፣ አባ" አለች።

"በማን ፊት?"

"በእርስዎ ፊት።"

መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉላት፤ እንደ ወንድ ዋስ እጇን ጨበጡ፤ ከዚያ ሳሙት።

"ተቀብያለሁ" አሉ። "ሂጂ።"